የሰፈራችን የጽዳት ሠራተኛ እየጠፋ ነው

ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ ሲጓዙ ላንቴን አልፈው ጫኖ ሲደርሱ ዓይንዎ የሚያርፈው መንገድ ዳር በተከመረው ሙዝና ማንጎ ላይ ነው። ለአንድ አፍታ ግን ወደ ሰማይ ቀና ይበሉ። ክንፉን ዘርግቶ ሳያርገበግብ የሚዞር ትልቅ ወፍ ካዩ ጥንብ አንሳ ሊሆን ይችላል።

በገበያ ሥራ ላይ ላለ እንደ እኔ ዓይነት ሰው፣ የዚህን ወፍ ያህል ጥሩ አገልግሎት እየሰጠ ስሙ የከፋበት ማግኘት ይቸግረዋል። ልጆቻችንን እንኳ «ጥንብ አንሳ» እያልን እንሰድብበታለን። ወፉ ግን የሞተ እንስሳ ሳይሸት፣ ዝንብና ውሻ ሳይሰበስብ ያጸዳል። የጨጓራው አሲድ እጅግ ኃይለኛ በመሆኑ የአባ ሰንጋን ተሕዋስ ሳይቀር ይቋቋማል። ለዚህ ሁሉ ደመወዝ አይጠይቅም።

እ.ኤ.አ. በ2015 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት አራት የአፍሪካ ጥንብ አንሳ ዝርያዎችን እጅግ ከፍተኛ የመጥፋት አደጋ ካለባቸው መካከል መደባቸው። አራቱም በኢትዮጵያ ይኖራሉ። አብዛኞቹ በዓመት ከአንድ እንቁላል በላይ ስለማይጥሉ የሞተውን ለመተካት ረጅም ጊዜ ይፈጅባቸዋል።

ለሌላ የተሰናዳ ሞት

ብዙዎቹን የሚገድላቸው ለእነሱ ያልታሰበ መርዝ ነው። በጎቹ የተበሉበት ሰው ለጅብ፣ የከተማ ነዋሪ ደግሞ ባለቤት ለሌለው ውሻ ሥጋ ይመርዛል። ጥንብ አንሳዎች በመንጋ ስለሚመገቡ አንድ የተመረዘ በድን ብዙዎችን ይጨርሳል። እ.ኤ.አ. በ2019 በቦትስዋና በሦስት የተመረዙ ዝሆኖች ምክንያት 537 ጥንብ አንሳዎች ሞተዋል። የኤሌክትሪክ መስመርም ሌላው ገዳያቸው ነው።

በሩቅ ውቅያኖስ የሚኖረው አልባትሮስም ዕጣው ተመሳሳይ ነው። ለዓሣ በተጣለ መንጠቆ ላይ ያለውን ምግብ ሲነጥቅ ተይዞ ይሰምጣል። መፍትሔው ግን ቀላል ሆኖ ተገኘ፦ ከመርከቧ ኋላ የሚንጠለጠል፣ ወፎችን የሚያስፈራ ባለቀለም ገመድ። በናሚቢያ ዋልቪስ ቤይ ከተማ ሴቶች ተሰባስበው ገመዱን ያዘጋጃሉ። በዚያ አገር በረጅም ገመድና መንጠቆ በሚሠራው ዓሣ ማስገር ላይ የባሕር ወፎች ሞት በ98 በመቶ ቀንሷል።

ህንድ የከፈለችው ዋጋ

«ቢጠፉስ ምን ይቀርብናል?» ላሉ ህንድ መልስ አላት። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ለከብቶች ሕመም ማስታገሻ በተሰጠ ዳይክሎፌናክ የተባለ መድኃኒት የተነሳ ዋና ዋናዎቹ የጥንብ አንሳ ዝርያዎች ከ95 በመቶ በላይ አለቁ። በድኑ በየሜዳው ተከመረ፤ ውሻ በዛ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ስጋት ጨመረ። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ ጥናት እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2005 ባሉት ዓመታት ብቻ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሰዎች በዚሁ ሳቢያ ተጨማሪ ሕይወታቸውን እንዳጡ ገምቷል። ህንድ መድኃኒቱ ለእንስሳት እንዳይሰጥ የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ዛሬም ሰው በሚገድልበት በአገራችን ይህ ትምህርት ሊያልፈን አይገባም።

እርስዎ ምን ማድረግ ይችላሉ?

• ለውሻም ሆነ ለጅብ መርዝ አያስቀምጡ፤ ጎረቤትዎንም ይምከሩ። ውሻዎን ያስከትቡ። በረትዎን በእሾህ አጥር ያጠናክሩ፤ ከብቶችዎን ማታ ያስገቡ።

• በመርዝ የሞተ እንስሳ ካጋጠመዎት ሜዳ ላይ አይተዉት፤ በእጅዎ ሳይነኩ በጥልቀት እንዲቀበር ያድርጉ።

• ከብትዎን ሲያሳክሙ ሐኪሙን ስለ ሕመም ማስታገሻው ይጠይቁ። ሜሎክሲካም የተባለው መድኃኒት ጥንብ አንሳን እንደማይጎዳ ተረጋግጧል።

• ከልጆችዎ ጋር ወፎቹን ይመልከቱ። አርባ ምንጭ ላይ ዓሣ በሚራገፍበት አካባቢ የሚቆመው ባለ ረጅም እግሩ አባ ኮዳ ጥንብ አንሳ አይደለም፤ ሥራቸው ግን ይመሳሰላል። ልዩነታቸውን እንዲያገኙ ልጆቹን ይጠይቋቸው።

የመስከረም ጅማሬ ለዚህ ይመቻል። የፈረንጆቹ ሴፕቴምበር የመጀመሪያው ቅዳሜ ዓለም አቀፍ የጥንብ አንሳ ቀን ነው፤ ከአዲስ ዓመታችን ዋዜማ ብዙም አይርቅም። ለበዓሉ ግቢዎን ሲያጸዱ፣ ከግቢዎ ውጭ ያለውን ማን እንደሚያጸዳልዎ ለልጆችዎ ይንገሯቸው።