በሰሊጥ ዘይት የበረታው የተባይ መርዝ

ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በሰቃ ከተማ ወደ አንድ ሱቅ ጎራ ያለ ሰው፣ ስኳርና ሳሙናውን፣ ፍሊቱንና የነቀዝ ዱቄቱን፣ ከኋላም በጆንያ የተከመረውን ቡና በአንድ ጣሪያ ሥር ሊያይ ይችላል። እንዲህ ላለው ነጋዴ ደንበኞቹ የሚያቀርቡለት የተለመደ ወቀሳ አለ። «ፍሊቱን ነፋሁት፤ ዝንቡም ወደቀ፤ ጥቂት ቆይቶ ግን ተነሥቶ በረረ» ይሉታል። ደንበኛው ባለሱቁን፣ ባለሱቁም አስመጪውን ይጠረጥራል። ብዙ ጊዜ ግን ነገሩ የሚፈጸመው በዝንቡ ሰውነት ውስጥ ነው።

ፒሬትረም ከሚባለው አበባ የሚወጣው መርዝ፣ እርሱንም መስለው በፋብሪካ የሚሠሩት መርዞች፣ ዝንብንና ትንኝን ወዲያው ይጥላሉ። ሆኖም እነዚህ ነፍሳት መርዙን እየሰባበረ ከንቱ የሚያደርግ ኢንዛይም በሰውነታቸው ስላለ፣ የገባባቸው መርዝ ጥቂት ከሆነ አሸንፈውት ይነሣሉ። መጠኑ ቢበዛ ይሞታሉ፤ ነገር ግን የአበባው መርዝ ውድ በመሆኑ ዋጋውን ገዢው አይችለውም።

መፍትሔው የተገኘው የሁመራና የወለጋ ነጋድያን በሚገባ ከሚያውቁት ከሰሊጥ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1940 ኢግልሰን የተባለ አሜሪካዊ፣ የሰሊጥ ዘይት ከፒሬትረም ጋር ሲቀላቀል የመርዙን ኃይል እጅግ እንደሚያበረታ አስታወቀ። ዘይቱ ብቻውን ቢረጭ ይህን ያህል ተባይ አይገድልም፤ እኛም ወጥ እንሠራበታለን። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፒሬትረም እጥረት ስለ ነበረበት፣ ለአሜሪካ ወታደሮች የታደለው የትንኝ መርጫ ቆርቆሮ የሰሊጥ ዘይት የተጨመረበት ነበር። በ1947 ደግሞ በሰሊጥ ዘይት ውስጥ ካለው አጋዥ ንጥረ ነገር ጋር የሚመሳሰል ፒፔሮኒል ቡቶክሳይድ የተባለ ቅመም ይፋ ሆነ። ዛሬ በብዙ ፍሊት ቆርቆሮ ላይ ይህ ስም በትንንሽ ፊደል ተጽፎ ይገኛል።

የአጋዡ ሥራ መግደል አይደለም። መርዙን የሚሰባብረውን ኢንዛይም ይዞ ሥራ ያስፈታዋል፤ ጥቂቱም መርዝ ያለ ከልካይ ሥራውን ይፈጽማል። በነጋዴ ቋንቋ ብንናገረው አንድና አንድ ተደምሮ አምስት የሚሆንበት ሒሳብ ነው፤ እንዲህ ያለ መዝገብ በሱቅ ቢገኝ መርማሪ ያስጠራ ነበር።

ነገሩ ለጅማ አውራጃ ሰው ሩቅ አይደለም። በግልገል ጊቤ ግድብ አካባቢ የተያዙ የወባ ትንኞች ዲዲቲንና አጎበር የሚነከርበትን ዴልታሜትሪን መቋቋማቸው በ2010 እና በ2011 በታተሙ ጥናቶች ተገልጧል። በ2012 በታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በመጡ ትንኞች ላይ ልዩ ልዩ አጎበሮች ሲፈተኑ፣ በጣሪያው ላይ ይኸው አጋዥ የተጨመረበት አጎበር ከሌሎቹ በልጦ ተገኘ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2017 መርዝ በለመዱ ትንኞች አገር እንዲህ ያለው አጎበር እንዲታደል አሳሰበ። አጋዡ ሁሉን ድል ያደርጋል ማለት ግን አይደለም፤ ትንኙ መርዙን በሌላ መንገድ የሚቋቋም ከሆነ ጥቅሙ ያንሳል።

እስከዚህ ድረስ መደባለቁ ለሰው የሚበጅ ሆኖ ታይቷል። ነገር ግን የሰውም ጉበት መርዝ የሚሰባብሩ ኢንዛይሞች አሉት፤ እነርሱንም ሥራ የሚያስፈታ አጋዥ አለ። ለነቀዝ የሚሸጠው ማላታዮን ሰውን እንደ ሌሎቹ የማይጎዳው ሰውነታችን ፈጥኖ ስለሚሰባብረው ነው። በ1957 አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ማላታዮንን ኢፒኤን ከተባለው ሌላ መርዝ ጋር ለውሾች ሲሰጡ፣ የሁለቱ ጉዳት ከተናጠል ድምራቸው ብዙ እጥፍ ሆኖ አገኙት።

ከዚያም የባሰው በ1976 በፓኪስታን ደረሰ። ለወባ መከላከያ ማላታዮን ይረጩ ከነበሩት 7,500 ያህል ሠራተኞች 2,800 የሚሆኑት ታመሙ፤ ቢያንስ አምስቱ ሞቱ። ማንም ሌላ መርዝ አልጨመረበትም። አጋዡ የተፈጠረው በዱቄቱ ውስጥ ነበር። ከአንዳንድ ፋብሪካዎች የመጣው ዱቄት በሙቀት ተከማችቶ ሲቆይ ከማላታዮኑ ከፊሉ ወደ አይሶማላታዮን ተለወጠ፤ ይህም የሠራተኞቹን ኢንዛይም ያዘ። አስመጪዎቻችን ይህን ታሪክ ከማንም ይልቅ ሊያውቁት ይገባል፤ ምክንያቱም ጥፋቱ ከዕቃው ጥራትና ከአቀማመጡ የመጣ ነው።

ቆርቆሮ ጣሪያው በበጋ በሚግልበት ሱቅ ውስጥ የነቀዝ ዱቄት ከጣሪያው ሥር ከፍ ካለው መደርደሪያ ላይ መሰቀል የለበትም፤ ቀዝቃዛና ነፋሻ ሥፍራ ይፈለግለት። የተሠራበት ቀን ያልተጻፈበትን ወይም ጊዜው ያለፈበትን ዕቃ ባለሱቁ አልረከብም ይበል። ገበሬው «ሁለቱን ቀላቅለህ ስጠኝ፤ ይበረታል» ቢለው፣ መበርታቱ እውነት ሊሆን እንደሚችል፣ የሚበረታው ግን በነቀዙ ላይ ብቻ ላይሆን እንደሚችል ይንገረው።

ቡናውን በሚመለከት ደግሞ ጃፓን በ2008 ከኢትዮጵያ በገባ ቡና ላይ ከተፈቀደው በላይ የተባይ መርዝ ቅሪት ማግኘቷን፣ ከተጠረጠሩትም ነገሮች አንዱ ጆንያው እንደ ነበረ የቡና ላኪዎች አይዘነጉትም። ስለዚህ ባዶ የቡና ጆንያ ከዱቄቱ ጋር በአንድ ክፍል አይደር፤ ዱቄቱ የተጫነበት መኪናም ሳይታጠብ ቡና አይጫንበት።