«ምን ትፈልጋለህ?» እና «እንዴት ከረሙ?»

ባለፈው ሰኔ ለትምህርት የሚሆን ጽሑፍ ለማሰናዳት ደብተሬን ይዤ ወደ አቃቂ ወርጄ ነበር። በማለዳ ከአሮጌው የባቡር ሐዲድ አጠገብ፣ ከአጥራቸው ጥግ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ አገኘሁና ቀረብ ብዬ፣ «አባባ፣ እዚህ ሰፈር ስንት ዓመት ኖሩ?» አልኋቸው። እርሳቸውም ቀና ብለው አዩኝና፣ «እንዴት አደርክ ልጄ?» አሉኝ። ከዚያ በኋላ የጠየቅኋቸውን ሁሉ በአንድ በአንድ ቃል መለሱልኝ፤ ደብተሬም ባዶውን ተመለሰ።

በዚያው ሰሞን ስለ ክሊንጎን ቋንቋ አነበብሁ። ክሊንጎን ማርክ ኦክራንድ የተባለ አሜሪካዊ የቋንቋ ሊቅ «ስታር ትሬክ» ለተባለው ፊልም ያበጀው ቋንቋ ሲሆን፣ መዝገበ ቃላቱ እ.ኤ.አ. በ1985 ታትሟል። ባለቋንቋዎቹ በልብ ወለዱ ጦረኞች ናቸውና «ጤና ይስጥልኝ» የሚሉት ነገር የላቸውም። ለሰላምታ የሚቀርበው ቃላቸው «ኑቅኔኽ» ነው፤ ትርጓሜውም «ምን ትፈልጋለህ?» ማለት ነው። ሲለያዩ የሚባባሉት «ቃፕላ» ግን የእኛን «ይቅናህ» ይመስላል። ይህን ሳነብ የአቃቂው ሽማግሌ ትዝ አሉኝ። ለካ እኔ በአማርኛ ክሊንጎንኛ ስናገር ኖሯል!

የአማርኛ ሰላምታ ከተለያየን ወዲህ ያለፈውን ጊዜ ይቈጥራል። ሌሊቱ ብቻ ያለፈ እንደ ሆነ «እንዴት አደሩ»፣ ቀኑ ከሆነ «እንዴት ዋሉ»፣ ሲመሽ «እንዴት አመሹ» ይባላል። ጥቂት ቀናት ካለፉ «ሰነበቱ»፣ ክረምቱ ካለፈ «ከረሙ»፣ በጋው ካለፈ ደግሞ «ባጁ» ነው። ይህን የመጨረሻውን እኛ የከተማ ልጆች ልንረሳው ተቃርበናል፤ ያሳዝናል። ስለዚህ በትክክል ሰላም ያለ ሰው፣ «ከመቼ ጀምሮ እንዳላየሁዎ አውቃለሁ» ማለቱ ነው። ከዚህም በላይ አማርኛ «አደርክ፣ አደርሽ፣ አደሩ፣ አደራችሁ» ከሚሉት አንዱን ሳያስመርጥ አያናግርም። ክሊንጎንኛም ለበላይ ሰው በግሥ ላይ የሚቀጠል «ኔስ» የሚባል የአክብሮት ምዕላድ አለው፤ ዳሩ ግን ቢተውት ነውር የለበትም። እኛ ዘንድ ግን ሽማግሌን «አደርክ» ያለ ልጅ ወዮለት!

ማሊኖቭስኪ የተባለው የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1923 ባሳተመው ጽሑፍ፣ እንዲህ ያለው ንግግር ወሬ ለማቀበል ሳይሆን ሰውና ሰውን ለማስተሳሰር ነው ብሏል። ነገሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን በአገራችን ሰላምታው ወሬም ያቀብላል። «ቤት እንዴት ነው? ልጆች ደኅና? ከብቱስ?» ሲባል «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚለው መልስ ፈጥኖ ከመጣ ሁሉ ደኅና ነው፤ ዘግየት ካለ ግን የታመመ ወይም የሞተ አለና ጠያቂው ጉዳዩን ትቶ መቀመጥ ይገባዋል።

በጥቅምት ወደ ሽማግሌው ተመልሼ ሄድሁ። ኮፍያዬን አውልቄ፣ ጐንበስ ብዬ፣ «እንዴት ከረሙ አባባ?» አልኋቸው። «ኖር!» ብለው ሊነሡ ቃጡ፤ «በእግዜር!» ብዬ አስቀመጥኋቸው። ክረምቱ እንዴት እንደ ያዘኝ፣ ወላጆቼ በሕይወት እንዳሉ፣ ምን እንደምማር ጠየቁኝ። ሰላምታው ብቻ ሩብ ሰዓት ፈጀ። ከዚያ በኋላ ስለ ባቡሩ፣ ስለ ፋብሪካው ፊሽካ፣ ስለ አቃቂ ወንዝ ሲያወጉኝ ደብተሬ አልበቃ አለኝ።

አቃቂ የኦሮምኛም አገር ስለ ሆነ፣ ወደዚያ የሚወርድ ተማሪ «አካም ቡልተን»ን መያዝ አለበት። «ቡሉ» ማደር፣ «ኦሉ» መዋል ነው፤ አንዱ ቋንቋ ሴማዊ፣ ሁለተኛው ኩሻዊ ሲሆኑ የሰላምታቸው ቅርጽ አንድ መሆኑ ይደንቃል። አክብሮቱም በብዙ ቍጥር ይገለጻል። እኔ በኩራት ለሽማግሌው ጎረቤት «አካም ቡልተን» ብላቸው እመት በሣቅ ፈነዱ። ለካ ከቀኑ 10 ሰዓት ሆኗል! «ኦልተን በል እንጂ ልጄ» አሉና ከደጃቸው በርጩማ አወጡልኝ።