ስሙ ያሳሳተው ሕክምና

ሂፕኖሲስ የሰው ትኩረት በዙሪያው ካለው ነገር ሁሉ ተሰብስቦ በአንድ ሐሳብ ወይም በአንድ ምናባዊ ምስል ላይ የሚያርፍበት፣ በዚህም ምክንያት በቃል የሚቀርብለት ጥቆማ ከወትሮው ይልቅ በስሜቱና በአካሉ ላይ የሚሠራበት ሁኔታ ነው። ጥቆማ ማለትም ትእዛዝ ሳይሆን፣ «ክንድዎ እየቀለለ፣ እየቀለለ ነው» እንደሚባለው ያለ፣ ሰሚው በምናቡ እንዲከተለው የሚቀርብ ግብዣ ነው። ይኸው ሁኔታ በሠለጠነ ባለሙያ እጅ ሕመምን ለማስታገሥና ጭንቀትን ለማርገብ ሲውል ሂፕኖቴራፒ ይባላል። አካሄዱ ቀላል ነው፤ ታካሚው ተመቻችቶ ይቀመጣል፣ ዓይኑን በአንድ ነገር ላይ ያሳርፋል ወይም ይጨፍናል፣ ባለሙያውም በዝግታ እየተናገረ ትኩረቱን ከሰበሰበለት በኋላ ለሕመሙ የሚስማማውን ጥቆማ ያቀርብለታል።

ሰፊ ማብራሪያ የሚያሻው አሠራሩ ሳይሆን ስሙ ነው። ቃሉን ያስለመደው በማንቸስተር ከተማ ይሠራ የነበረው ስኮትላንዳዊው ቀዶ ሐኪም ጄምስ ብሬይድ ሲሆን፣ እርሱም እ.ኤ.አ. በ1841 (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ከአገር አገር እየዞረ ትርኢት የሚያሳይ አንድ ሰው ሌሎችን ሲያፈዝ ተመልክቶ፣ ነገሩ ማታለል ነው ብሎ ሲጠራጠር ቆይቶ፣ በመድረኩ ላይ የነበረው ሰው የዓይኑ ቆብ በእርግጥ አልከፈት እንዳለው በማየቱ ምርምሩን ጀመረ። በ1843 ባሳተመው መጽሐፍ የተጠቀመበት ስም ሂፕኖስ ከተባለው የግሪኮች የእንቅልፍ አምላክ የተወሰደ ነበር። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ግን ብሬይድ ራሱ፣ ነገሩ እንቅልፍ አለመሆኑንና ዋናው ምክንያት አእምሮ በአንድ ሐሳብ መያዙ መሆኑን ስለተረዳ፣ ይህንኑ በሚገልጽ ሌላ ቃል ሊተካው ሞክሮ ነበር፤ ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ስም በሕዝብ አፍ ገብቶ ስለነበረ ሊነቀል አልቻለም።

እንቅልፍ አለመሆኑ በቀላሉ ሊረጋገጥ ይችላል። የተቀመጠ ሰው ጉልበቱ ሥር በትንሽ መዶሻ ሲመታ እግሩ ሳያስበው ወደ ፊት ይወረወራል፤ ሰውየው እንቅልፍ ሲወስደው ይህ ምላሽ እጅግ ይዳከማል፤ በሂፕኖሲስ ውስጥ ሳለ ግን በነቃ ሰው ላይ እንደሚታየው እንደሚሆን በ1931 የታተመ ጥናት አሳይቷል። የአንጎልን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግበው መሣሪያም ቢሆን በዚህ ጊዜ የሚያሳየው የነቃ ሰው አንጎል ነው። ታካሚው ይሰማል፣ ይመልሳል፣ ካልፈለገም ዓይኑን ገልጦ ይነሣል።

በአማርኛ ነገሩን ይበልጥ የሚያወሳስቡ ሁለት ልማዶች አሉ። አንደኛው ሂፕኖሲስን «ሰመመን» ብሎ መተርጎም ነው፤ ሰመመን በዕለት ተዕለት ንግግር በእንቅልፍና በንቃት መካከል ያለውን መፍዘዝ፣ በሆስፒታል ደግሞ ታካሚው በመድኃኒት ራሱን የሚስትበትን ማደንዘዣ የሚያመለክት ቃል በመሆኑ፣ በሁለቱም ትርጉሙ ትኩረቱ ከወትሮው ይበልጥ የጠራውን ሰው ፈጽሞ አይገልጽም። ሁለተኛውና የከፋው፣ ገንዘቡን ወይም ወርቁን ለማያውቀው ሰው አስረክቦ የተመለሰ ሰው በአፍዝ አደንግዝ ተይዞ ነበር ሲባል፣ ይህንኑ በዘመናዊ ቃል «ሂፕኖታይዝ ተደረገ» ብሎ መዘገብ ነው። በመንገድ ላይ የሚፈጸም ማጭበርበር የራሱ ስልት አለው፤ ፈቃዱን ያልሰጠና በትኩረቱ ያልተከተለ ሰውን ፈቃድ ነጥቆ የሚነዳ ኃይል ግን በሂፕኖሲስ ጥናት አይታወቅም። ቃሉን በዚህ መንገድ የሚጠቀሙ ጸሐፊዎችና ጋዜጠኞች ሊያስቡት የሚገባው፣ በእነርሱ ዘገባ ፈርቶ ከሚጠቅመው ሕክምና የሚሸሽ ሕመምተኛ መኖሩን ነው።

ኃይሉ በባለሙያው ዘንድ አለ የሚለው እምነት የቆየ ሥር አለው። ፍራንዝ አንቶን ሜስመር የተባለው ሐኪም በ1778 ከቪየና ወደ ፓሪስ ተሻግሮ፣ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ የማይታይ መግነጢሳዊ ፈሳሽ አለ እያለ ብዙ ሕዝብ ያክም ነበር። በ1784 ንጉሥ ሉዊ 16ኛ ነገሩን እንዲመረምሩ ካዘዟቸው ሊቃውንት መካከል ቤንጃሚን ፍራንክሊንና አንቷን ላቯዚዬ ይገኙበታል። ከምርመራዎቹ አንዱ በፍራንክሊን የአትክልት ቦታ የተደረገ ሲሆን፣ የሜስመር ተከታይ የነበረ ሐኪም አንድ የአፕሪኮት ዛፍ ይህ ፈሳሽ እንዲያድርበት አደረግሁ ካለ በኋላ፣ ዓይኑ በጨርቅ የታሰረ የ12 ዓመት ልጅ ከዛፍ ወደ ዛፍ ተመራ። ልጁ ወደ ተባለው ዛፍ ሳይደርስ፣ ማንም ምንም ባላደረገበት በአራተኛው ዛፍ ሥር ራሱን ስቶ ወደቀ። መርማሪዎቹም ፈሳሽ የሚባል ነገር እንደሌለ፣ የሚሠራውም ምናብ እንደሆነ ደምድመው ጉዳዩን ዘጉት። ድምዳሜው ትክክል ነበር፤ ነገር ግን ምናብ ብቻውን ጤነኛ ልጅ መጣል ከቻለ፣ ያው ምናብ የታመመን ማንሣት ይችል እንደሆነ መጠየቅ ይገባ ነበር፤ ያን ጥያቄ በሥርዓቱ ለመመለስ ግን ብዙ አሥርት ዓመታት አልፈዋል።

ወደ ሂፕኖሲስ የመግባት ችሎታ የታካሚው የራሱ መሆኑን በልኬት ካሳዩት መካከል በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት አንድሬ ዋይትዘንሆፈርና ኧርነስት ሂልጋርድ ዋነኞቹ ናቸው። በ1959 ያወጡት መለኪያ 12 ፈተናዎች ያሉት ሲሆን፣ ለምሳሌ ተፈታኙ ዝንብ በዙሪያው ጥዝ እያለች እንደሆነ ይነገረውና፣ የሌለችውን ዝንብ በእጁ እሽ ማለት አለማለቱ ይታያል። ሰዎች በዚህ ችሎታ እጅግ ይለያያሉ፤ የአንድ ሰው ውጤት ግን ከ25 ዓመት በኋላ እንኳ ብዙም እንደማይለወጥ ተረጋግጧል።

በሕክምናው ረገድ ማስረጃው የሚጠነክረው በሕመም ማስታገሥ ላይ ነው። በ1997 በታተመ ጥናት ተሳታፊዎች እጃቸውን በሚያቃጥል ውኃ ውስጥ ነክረው፣ ሥቃዩ እንዲቀልላቸው ወይም እንዲከብዳቸው በሂፕኖሲስ ጥቆማ ሲሰጣቸው፣ የሕመምን አስጨናቂነት የሚመለከተው የአንጎል ክፍል እንቅስቃሴ ከጥቆማው ጋር አብሮ ሲለዋወጥ ታይቷል። በ2000 ደግሞ ሙሉ በሙሉ ሳይደነዝዙ በደም ሥራቸው ወይም በኩላሊታቸው በኩል ሕክምና የተደረገላቸው 241 ታካሚዎች በሦስት ተከፍለው ሲነጻጸሩ፣ ራሳቸውን በሂፕኖሲስ እንዲያረጋጉ የታገዙት አነስተኛ መድኃኒት ወስደው በአማካይ በ61 ደቂቃ ሲጨርሱ፣ በተለመደው መንገድ የታከሙት 78 ደቂቃ ፈጅቶባቸዋል። በቤልጂየም ሊዬዥ ከተማም ከ1992 ጀምሮ፣ የእንቅርት ቀዶ ሕክምናን ጨምሮ ብዙ ቀዶ ሕክምናዎች በሂፕኖሲስና በቀላል ማደንዘዣ ብቻ፣ ታካሚው ነቅቶ ሳለ ተሠርተዋል። ሲጋራ ለማስተው የሚሰጠው ተስፋ ግን በቂ ማስረጃ አልተገኘለትም።

ፈጽሞ ሊሞከር የማይገባው የተረሳ ትዝታን በሂፕኖሲስ ለማውጣት መጣር ነው፤ ምክንያቱም ትዝታውን ከማጥራት ይልቅ ሰውየው በምናቡ የፈጠረውን እንደ እውነት አምኖ እንዲናገር ያደርገዋል። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1982 በዚህ መንገድ የተገኘን የምስክርነት ቃል ያገደው ስለዚህ ነው።

ከሁሉ በላይ ሊታወቅ ሲገባው ብዙ ያልተነገረለት በማንቸስተር የተጀመረው የአንጀት ሕክምና ነው። በምርመራ ቁስልም እብጠትም ሳይገኝበት፣ ሆድን እየቆረጠና እየነፋ፣ አንዴ ድርቀት አንዴ ተቅማጥ እያፈራረቀ ለዓመታት የሚያሠቃይ የአንጀት ሕመም አለ። ፒተር ዎርዌል የተባለው ሐኪምና ባልደረቦቹ በ1984 ሌላ ሕክምና ያልበጃቸውን 30 እንዲህ ያሉ ሕመምተኞች በሁለት ከፍለው ሲያክሙ፣ በሂፕኖሲስ የታገዙት ከሌሎቹ እጅግ የላቀ ለውጥ አሳዩ፤ የእንግሊዝ የጤና መመሪያም በ2008፣ በ12 ወር ውስጥ በመድኃኒት ላልተሻላቸው ሂፕኖቴራፒ እንዲታሰብ መክሯል። ታካሚው መዳፉን በሆዱ ላይ ያሳርፋል፤ ከመዳፉ ሥር ሙቀት ወደ ውስጥ ሲሰርግ ይሰማው ዘንድ ይጠቆማል፤ ከዚያም አንጀቱን እንደ ወንዝ፣ ሲናወጥ የነበረውን ውኃም ቀስ ብሎ ረግቶ እየፈሰሰ እንዲያይ ይደረጋል። የባለሙያው ድምፅም ተቀድቶ ይሰጠውና፣ ሕመምተኛው በቤቱ ሆኖ፣ መዳፉን በሆዱ ላይ አድርጎ፣ በየቀኑ ብቻውን ይለማመደዋል።