ሕፃናትን በማቆያ ስናሳድግ በትር ወይስ ቃል?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን!

ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት። በ2009 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርክም ተመርቆባታል። በዚህች ከተማ ማልደው ወደ ሥራ የሚገሰግሱ እናቶች ብዙዎች ናቸው። አያት በቅርብ ያለቻት ሕፃኗን ለእርሷ ትታ ትሄዳለች፤ የሌላት ግን ወደ ሕፃናት ማቆያ ትወስዳለች። ሕፃኑም ቀኑን ሙሉ የሚያየው የሞግዚቷን ፊት፣ የሚሰማውም የእርሷን ቃል ነው።

ብዙ ሕፃናትን ብቻዋን የምትጠብቅ ሞግዚት ትደክማለች። የሁለት ዓመት ልጅ ጓደኛውን ሲነክስ “ባለጌ” ብላ ትቆጣዋለች፤ አንዳንዴም ትመታዋለች። በዚህ ዕድሜ ያለ ሕፃን ግን ንዴቱን በቃል መግለጽ ገና አልቻለም። ስለዚህ ጎንበስ ብላ፣ እጁን በቀስታ ይዛ፣ “ተናደሃል፤ መንከስ ግን ያማል፤ ‘ስጠኝ’ በል” ብትለው የጎደለውን ቃል ታስይዘዋለች። ተራውን ሲጠብቅ ባየችው ጊዜም “ጎሽ፤ ተራህን ጠበቅህ” ትበለው። ያደረገው በስሙ ሲጠራለት ነገ ምን እንደሚደግም ያውቃል። ምግቡ፣ እንቅልፉና ጨዋታው በየዕለቱ ሰዓቱን ሲጠብቅም ለቅሶውና ጠቡ ይቀንሳል።

ከመካከላችን በመጽሐፈ ምሳሌ ስለ በትር የተነገረውን ይዞ “ልጅ ያለ ዱላ አያድግም” የሚል ይኖራል። ነገር ግን በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተነሣው ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ስለ ልጆች አስተዳደግ በጻፈው ድርሳን፣ ዘወትር የሚመታ ልጅ በትሩን መናቅ እንደሚለምድ፣ ከናቀው በኋላም ተግሣጹ ከንቱ እንደሚሆን ያስተምራል። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስም አባቶች ልጆቻቸውን እንዳያስቆጡ አዝዟል (ኤፌ. 6፥4)። የሀገራችን ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፣ ማታ ልጃችንን ስንቀበል “ዛሬ ምን አጠፋ?” ብቻ ሳይሆን “ምን መልካም ነገር አደረገ?” ብለን እንጠይቅ። ሞግዚቷ በማቆያው በትዕግሥት ያስተማረችውን እኛ በቤታችን በዱላ ካፈረስነው ሕፃኑ የትኛውን ይከተል? ሞግዚቷንም እንደ ተራ ሠራተኛ ሳይሆን ልጃችንን አብራን እንደምታሳድግ እናት እናክብራት፤ ድካሟንም እናመስግን። ጌታችን ደቀ መዛሙርቱ የከለከሏቸውን ሕፃናት ወደ እርሱ አቅርቦ ባርኳቸዋልና፣ እኛም በፍቅር እናቅርባቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።