ያውቁ ኖሯል? ፈረስ ሲዘል ዛብ ይላላል
ፈረስ መሰናክል ሲዘል ሚዛኑን የሚጠብቀው አንገቱን ወደ ፊት ዘርግቶ ነው። ያኔ ጋላቢው ዛቡን ጨምድዶ ከያዘ ልጓሙ አፉን ያሳምመዋል፤ ፈረሱም ጀርባውን አድርቆ በኋላ እግሮቹ መሰናክሉን ሊመታ ይችላል። ስለዚህ ጀማሪ ጋላቢ እጆቹን ወደ ፊት ገፍቶ ጋማው ላይ ያሳርፋል። የበሰለው ግን የፈረሱ አንገት ላይ ሳይደገፍ፣ ከክርኑ እስከ ልጓሙ ያለውን መስመር ቀጥ እንዳደረገ የፈረሱን አፍ በእጁ ይከተላል። ከባዱም የተሻለውም ስልት ይህ ነው። ጋላቢ ከፈረሱ ጋር ወደ ፊት እንዲያዘነብል ያስተማረው ጣሊያናዊው ፈረሰኛ መኮንን ፌዴሪኮ ካፕሪሊ (1868–1907 እ.ኤ.አ.) ነበር። በባህላዊው የፈረስ ጨዋታ በጉግስም አንዱ እጅ ዘንግ ስለሚይዝ፣ ዛብ ማጥበቁም ማላላቱም የሌላኛው እጅ ሥራ ነው።