ባሕር ላይ የክት የሚለበስበት ምሽት

አንድ ደንበኛ ኮቱን በላስቲክ ሸፍኖ ገብቶ «ለመርከብ ነው» ሲለኝ፣ ኮቱን ከማየቴ በፊት የምጠይቀው የየትኛው ኩባንያ መርከብ እንደሆነ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ልብስ አስተካካይ ነኝ፤ ማሳጠር፣ ማጥበብ፣ ማስፋት እንጀራዬ ነው። እዚህ አካባቢ የሚኖሩ ወገኖቻችን ለክሩዝ ብዙ ጊዜ የሚሳፈሩት ከባልቲሞር ወደብ ነው። አውሮፕላን ሳያስፈልጋቸው በመኪና ደርሰው ወደ ባሃማስ ወይም ወደ ቤርሙዳ ይሄዳሉ። ልጆች ወላጆቻቸውን ይጋብዛሉ፤ ባልና ሚስት የጋብቻቸውን በዓል ያከብራሉ። ታዲያ የጉዞውን ወረቀት ሲያነቡ «ፎርማል ናይት» የሚል ነገር ያጋጥማቸዋል። ጭንቀት የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው፤ በተለይ ለወንዶቹ።

ይህን ጭንቀት አቅልዬ አላየውም። ቱክሲዶ የሚባለው የክብር ልብስ የለኝም ብሎ በዚያ ምሽት ወደ ዋናው የመመገቢያ አዳራሽ ሳይወርድ የቀረ፣ ሚስቱ ለዚያ ቀን ብላ ያሰፋችው የሐበሻ ቀሚስ ሳይታይላት ላይኛው ፎቅ ላይ ካለው ቡፌ በልቶ የተኛ ሰው ራሱ ነግሮኛል። ከልቤ አዘንኩ። ምክንያቱም አብዛኞቹ መርከቦች ቱክሲዶ ልበስ ብለው አያስገድዱም። የሚጠይቁት የዘወትሩን አውልቀን የክቱን እንድንለብስ ነው፤ ይህን ደግሞ ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን።

የኩባንያውን ስም የምጠይቀው ደንቡ ከመርከብ መርከብ ስለሚለያይ ነው። በዚህ ረገድ ጠበቅ ያለው ኩናርድ ነው። ኩዊን ሜሪ 2 የምትባለው መርከቡ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በሳውዝሃምፕተንና በኒውዮርክ መካከል አትላንቲክን ትሻገራለች፤ ጉዞው አብዛኛውን ጊዜ 7 ሌሊት ይፈጃል። በመካከሉ «ጋላ» የሚባሉ ምሽቶች አሉ። በእነዚያ ምሽቶች፣ በእኛ አቆጣጠር ከ12 ሰዓት በኋላ፣ ወንዱ ቱክሲዶ ወይም ጠቆር ያለ ሙሉ ልብስ ከክራቫት ጋር እንዲለብስ ይጠበቃል። መልበስ ያልፈለገን ማንም አያባርረውም፤ ነገር ግን ምሽቱን የሚያሳልፈው በቡፌውና ለዚሁ በተለዩ ጥቂት ቦታዎች ነው።

ካርኒቫል ከዚህ በጣም ይላላል። «ኤሌጋንት» በሚለው ምሽት ደህና የጨርቅ ሱሪና ኮሌታ ያለው ሸሚዝ ይበቃል፤ ኮት የደረበ ደግሞ የበለጠ ያምርበታል። የማይፈቀደው ቁምጣ፣ የባሕር ዳርቻ ነጠላ ጫማ፣ እጅጌ የሌለው ካናቴራና የስፖርት ማሊያ ነው። ሴለብሪቲ እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ ፎርማል ናይትን አስቀርቶ ቀለል ባለ ምሽት ተክቶታል፤ ኮትና ክራቫቱን ለተሳፋሪው ፈቃድ ትቶታል። ኖርዌጂያን ከእሱም ቀደም ብሎ ልብስ የማያስገድድ ጉዞ ጀምሯል። ቨርጂን ቮያጅስ ላይ ደግሞ ቀይ የሚለበስበት የጭፈራ ምሽት አለ እንጂ ፎርማል የሚባል ነገር የለም። ኩባንያዎቹ ደንባቸውን ስለሚያሻሽሉ፣ ባለፈው ዓመት የሄደ ዘመድ የነገራችሁን ብቻ ይዛችሁ ሻንጣ አትዝጉ፤ የራሳችሁን ጉዞ ደንብ አንብቡ።

ምሽቶቹ ብዙ አይደሉም። በአጭር ጉዞ አንድ፣ በሳምንት ጉዞ ብዙውን ጊዜ ሁለት ይሆናሉ፤ የሚውሉትም በአብዛኛው መርከቡ ወደብ ሳይነካ ባሕር ላይ በሚውልበት ቀን ነው። ደሴት ላይ ፀሐይ ሲመታው ውሎ የመጣ ሰው ክራቫት ለማሰር አቅም የለውም። በድሮው ዘመን፣ ባሕር የሚሻገረው ሁሉ በመርከብ በነበረበት ጊዜ፣ በመጀመሪያውና በመጨረሻው ምሽት ለእራት መሽቀርቀር አይጠበቅም ነበር። በመጀመሪያው ቀን ሻንጣው ገና አልተፈታም፤ በመጨረሻው ቀን ደግሞ ታስሯል።

እንግዲህ ምን ይለበስ? የእኔ ምክር አንድ ነው፤ ለአንድ ምሽት ብላችሁ ቱክሲዶ አትግዙ። ጥቁር ሰማያዊ ወይም ጠቆር ያለ ግራጫ፣ መስመርና ዳማ የሌለው የሱፍ ጨርቅ ሙሉ ልብስ፣ ነጭ ሸሚዝ፣ ጠቆር ያለ ክራቫት፣ የተወለወለ ጥቁር ማሰሪያ ጫማ። ይህ ልብስ ከኩናርድ ጋላ ጀምሮ በየትኛውም መርከብ ያስገባል። ስትመለሱም ለሠርግ፣ ለክርስትና፣ ለልቅሶና ለልጅ ምረቃ ያገለግላችኋል። ጨርቁ ላይ አጥብቄ የምናገረው ስለማውቀው ነው። ሱፍ ተሰቅሎ ሲያድር መጨማደዱ ይለቅቃል፤ ርካሹ ፖሊስተር ግን በአዳራሹ መብራትና በፎቶ አንሺው ፍላሽ ያብለጨልጫል። በዚያ ምሽት ደግሞ ፎቶ አንሺዎቹ በየደረጃው ቆመው ነው የሚጠብቋችሁ። ይሞቀኛል ብላችሁም አትስጉ፤ አዳራሹ በአየር ማቀዝቀዣ የተነሳ ይበርዳል።

ከጨርቁም በላይ ልኩ ይበልጣል። እኛ ልጅ ሳለን «ያድግበታል» እየተባለ ሰፋ ያለ ልብስ የተገዛልን ትውልድ ነን፤ ያ ልማድ ከብዙዎቻችን ጋር ባሕር ተሻግሯል። ከ20 ዓመት በፊት የተሠረገበት ኮት፣ ትከሻው ከሰውየው ትከሻ አልፎ ወደ ክንዱ የወረደ፣ ጣቱን የሸፈነ እጅጌ ያለው፣ በየሳምንቱ እጄ ይገባል። የትከሻውን ልክ እቤታችሁ ማወቅ ትችላላችሁ። ኮቱን ለብሳችሁ በጎናችሁ ግድግዳ ተጠጉ። ከክንዳችሁ ቀድሞ ግድግዳውን የነካው የትከሻው ጥጥ ከሆነ ኮቱ ሰፊ ነው። እንዲህ ያለውን ኮት ላስተካክለው ብል ኮቱን እንደ አዲስ መስፋት ይሆንብኛል፤ ዋጋውም ከኮቱ ይበልጣል። ስለዚህ ትከሻው ካልሆነ ሌላ ፈልጉ እላለሁ። ቁመቱ የረዘመ ኮትም እንደዚያው ነው፤ ከታች ብቆርጠው ኪሶቹ ከጠርዙ ጋር ይጣበቃሉ።

የቀረው ሁሉ ይስተካከላል። እጅጌው የእጅ አንጓ አጥንት ላይ አልቆ፣ ከሥሩ የሸሚዙ እጅጌ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ብቅ ይበል። ሱሪው ጫማውን ነክቶ አንድ ለስላሳ እጥፋት ይሥራ፤ ተረከዝ ላይ አይከመር። ወገቡ ጠቦ ከሆነ አትጨነቁ፤ በደህና ሱሪ የኋላ ስፌት ውስጥ ለማስፊያ የሚሆን ትርፍ ጨርቅ አለ። ሸሚዙን ሙሉ ለሙሉ ስትቆልፉት በኮሌታውና በአንገታችሁ መካከል ሁለት ጣት ሊገባ ይገባል፤ ካልገባ እራቱ አይበላም። አዲስ ኮት የገዛችሁ ደግሞ እጅጌው ላይ የተሰፋውን የፋብሪካ ምልክት ፍቱት፤ ከኋላ መሰንጠቂያውን በመስቀል ቅርጽ የያዘውንም ክር ቁረጡ። እነዚህ ሱቅ ውስጥ ልብሱ ቅርጹን እንዲጠብቅ የተደረጉ ናቸው። የታችኛው የኮት ቁልፍ ሁልጊዜ ክፍት ይሁን፤ ስትቀመጡም የላይኛውን ፍቱት።

ቱክሲዶ ልለብስ ነው የሚል ካለ ደስ እያለኝ አለብሰዋለሁ፤ ታሪኩም ደስ ይላል። ለንደን ውስጥ ሳቪል ሮው የሚገኘው የሄንሪ ፑል ልብስ ስፌት ቤት እንደሚለው፣ እ.ኤ.አ. በ1865 ኋላ ንጉሥ ኤድዋርድ 7ኛ የሆነው ልዑል ዘና ብሎ እራት የሚበላበት ጭራ የሌለው አጭር ኮት አሰፋ። እ.ኤ.አ. በ1886 ደግሞ ኮቱ ኒውዮርክ አቅራቢያ ባለው የቱክሲዶ ፓርክ ክለብ ታየ፤ አሜሪካኖች በቦታው ስም ጠሩት። እንግዲህ ዛሬ የክብር ጥግ የምናደርገው ይህ ልብስ ሲጀመር ጭራ ያለውን ትልቁን ኮት ለማቅለል የመጣ ነበር። ከተራ ሙሉ ልብስ የሚለየው ደረቱ ላይ የሚታጠፈው ኮሌታ ሐር ወይም ሳቲን ስለሚለብስ ነው፤ በሱሪው ጎንም የዚያው ጨርቅ ጥብጣብ ይወርዳል። ክራቫቱ የቢራቢሮ ነው። ሱሪው ቀበቶ አይፈልግም፤ ወገቡ ላይ ሰደሪያ ወይም ሰፊ የሐር መታጠቂያ ይሸፍነዋል፤ የመታጠቂያው እጥፋቶች አፍ ወደ ላይ ይሁን። በቀለም በኩል እጅግ ጥልቁን ሰማያዊ ከጥቁሩ አስበልጣለሁ፤ በማታ መብራት ከጥቁርም ይልቅ ጠቁሮ ይታያል። ወደ ካሪቢያን የሚሄድ ሰው ነጭ ኮት በጥቁር ሱሪ ቢለብስም ያምርበታል፤ ነጩ ኮት የሞቃት አገር ልብስ ነውና።

አሁን ልቤ ወዳለበት ልመለስ። አንዲት ልጅ አባቷን ይዛ መጣች፤ ከኒውዮርክ በኩዊን ሜሪ 2 ሊሳፈሩ ነው። አዲስ የተገዛ ጥቁር ሙሉ ልብስ ይዛለች። አባት መስተዋቱ ፊት ቆመው ኮቱን እያዩ፣

«ልጄ፣ እኔ ሱፍ ለብሼ አላውቅም። አሁን በስተርጅና ማንን ልምሰል ብዬ ነው?» አሉኝ።

«አባባ፣ ለጥምቀት ምንድን ነው የሚለብሱት?»

«እጀ ጠባቤንና ኩታዬን ነዋ።»

«እንግዲያው እሱን ይልበሱ።»

ልጅቱ «አያስገቡንም» ብላ ደነገጠች። ያስገባሉ። የኩናርድ ደንብ ለጋላ ምሽት የአገር ባህል የክብር ልብስና የወታደር የክብር ልብስ እንደሚፈቀድ በግልጽ ይናገራል፤ የስኮትላንድ ሰው ኪልቱን ለብሶ ይገባል። በሌሎቹም ኩባንያዎች የሚከለከለው ቁምጣና ካናቴራ ነው እንጂ፣ የተተኮሰ ነጭ እጀ ጠባብ አይደለም። ወንዶቻችን ይህን ስለማያውቁ ሚስቶቻቸው በጥበብ ቀሚስ አምረው ሲወጡ እነሱ ከጎናቸው በማይመቻቸው ኮት ይቆማሉ።

ነገር ግን የባህል ልብስ ነው ተብሎ እንደነገሩ አይለበስም፤ እንደ ኮቱ ሁሉ ልክና ንጽሕና ይፈልጋል። ለአባባ የእጀ ጠባቡን አንገት አስተካከልኩ፤ የላሉትን ቁልፎች አጠበቅኩ፤ ሱሪው ከጉልበት በታች እግራቸውን እንዲይዝ አደረግሁ። ጋቢውን ለካቢናቸው ብርድ እንዲይዙት፣ ለአዳራሹ ግን ስስና ጥለት ያለው ኩታ እንዲሆን ተስማማን። ኩታው ሲቆሙ ግርማ አለው፤ ሲቀመጡ ግን ጫፉ ሾርባ ውስጥ ይገባል፣ አስተናጋጁም ይረግጠዋል። ስለዚህ ወንበሩ ላይ ከመቀመጥ በፊት ሁለቱን ጫፎች ወደ ጭን መሰብሰብ ያስፈልጋል። ጫማው ጥቁር ቆዳ ይሁን፤ ስኒከር ከእጀ ጠባብ ጋር ሳይ ዓይኔን ያመኛል። በእጅ የተፈተለና የተሸመነ ጥጥ ለመርከቡ ላውንደሪ አይሰጥም፤ ሙቅ ውሃና የማድረቂያ ማሽን ያሳጥሩታል፣ የጥለቱም ቀለም ነጩ ላይ ሊሮጥ ይችላል። ወጥ ከነካው ቦታውን ብቻ በቀዝቃዛ ውሃ ማጠብ ነው።

ካውያ ይዛችሁ አትሂዱ። ለእሳት አደጋ ሲባል በካቢን ውስጥ የተከለከለ ስለሆነ ከሻንጣችሁ አውጥተው እስከ ጉዞው መጨረሻ ያስቀምጡታል። አንዳንድ መርከቦች ካውያ ያለበት የራስ አገልግሎት ማጠቢያ ክፍል አላቸው፤ የሌላቸው ላይ ለላውንደሪ ከፍላችሁ ታስተኩሳላችሁ። ሱፉን ግን በሙቅ ውሃ እንፋሎት የተሞላ መታጠቢያ ክፍል ውስጥ ብትሰቅሉት አብዛኛው መጨማደድ ይለቅቃል። ስታሽጉት ኮቱን በገበሩ በኩል ገልብጣችሁ፣ በመካከሉ ስስ ላስቲክ አድርጋችሁ እጠፉት። ወደብ ላይ ለተሸካሚ የሰጣችሁት ትልቅ ሻንጣ ካቢናችሁ በር የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። ማያሚ ድረስ በአውሮፕላን የምትሄዱ ደግሞ ሻንጣ ከመርከቡ በኋላ የሚደርስበት ጊዜ ስላለ፣ የክቱን ልብስ በእጅ በምትይዙት ቦርሳ ያዙት።

አዲስ ጫማ ከገዛችሁ እቤት ውስጥ ጥቂት ቀን ተጫሙት፤ መርከቡ ሲወዛወዝ ያልተለመደ ለስላሳ የቆዳ ሶል በደረጃው ምንጣፍና በዳንሱ ወለል ላይ ያንሸራትታል። ወደ እኔም ሆነ ወደ ሰፈራችሁ ልብስ ሰፊ የምትመጡ ከጉዞው 3 ሳምንት በፊት ኑ፤ የመጨረሻው ሳምንት ላይ የመጣ ሥራ ለሁለተኛ ልኬት ጊዜ አይሰጥም። ስትመጡ የምትለብሱትን ሸሚዝና የምትጫሙትን ጫማ ይዛችሁ ኑ። በስኒከር ቆማችሁ የለካሁት ሱሪ በማታው ጫማ ላይ ሲወርድ ቁመቱ ሌላ ነው።