ለካምፓስና ለኮዲንግ ላፕቶፕ ልትገዙ ነው? «ኮር አይ 7» የሚለውን ተዉትና ቁጥሩን አንብቡ

የዩኒቨርሲቲ ምደባ በወጣ ቁጥር ኢንቦክሴን የሚሞላው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ልማር አስቤአለሁ፣ ምን ላፕቶፕ ልግዛ?» አንዳንዴ የሚጠይቁኝ ወላጆች ናቸው። ልጃቸው ሀዋሳ ወይም ጎንደር ደርሶት፣ ዕቁብ ወጥቶላቸው፣ ገንዘቡ ለሌላ ነገር ሳይውል ቶሎ ገዝተው ሊሰጡት ይፈልጋሉ። ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ከምመልስ አንዴ ልጻፈው።

ዋጋ አልጠቅስም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ዛሬ የተጻፈ የላፕቶፕ ዋጋ ለሚቀጥለው ወር አይሆንም። የምትፈልጉትን ዕቃ በትክክል ካወቃችሁ ዋጋውን መገናኛ ወይም ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ሦስት አራት ሱቅ ዞራችሁ ታገኙታላችሁ።

ፍሬሽማን ከሆናችሁ ደግሞ አትቸኩሉ። የመጀመሪያው ዓመት ኮርስ አብዛኛው የጋራ ነው፤ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሎጂክ፣ ጂኦግራፊ። ስሙ ቴክኖሎጂ የሆነው ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂስ እንኳ በአመዛኙ ንባብ ነው፣ ሞጁሉም በስልክ ይነበባል። ዲፓርትመንት ሳይለይ ለኮዲንግ ተብሎ የተገዛ ማሽን ፋርማሲ ወይም አካውንቲንግ ተይዞ ሊሄድ ይችላል። ገንዘቡ እጃችሁ ላይ ካለና ዋጋው ይጨምራል ብላችሁ ከሰጋችሁ ግን ግዙት፤ ስጋቱ የሚናቅ አይደለም። በዚያ ላይ በ5 ሚሊዮን ኮደሮች የነጻ ሥልጠና ካሁኑ መጀመር የሚፈልግም አለ፤ እሱንም ጠብቅ አልለውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። በጀታችሁ ጠበብ ካለ፣ «ብራንድ ኒው» ተብሎ ከነካርቶኑ ከሚሸጠው ርካሽ ላፕቶፕ ይልቅ ያገለገለ የቢሮ ላፕቶፕ ግዙ። በዚህ አቋሜ ብዙ ወላጅ ይከፋብኛል። ለልጅ የተጠቀሙበትን ዕቃ መግዛት ደስ እንደማይል ይገባኛል። ግን ካርቶኑን ከፍተን ውስጡን እንየው። ርካሹ አዲስ ላፕቶፕ ብዙውን ጊዜ የሚይዘው ሴሌሮን ፕሮሰሰር ነው፤ ለምሳሌ ሴሌሮን ኤን4020 ሁለት ኮር ብቻ አለው። ራሙ 4 ጊጋ፣ ያውም ቦርዱ ላይ ተበይዶ። ማከማቻው 64 ጊጋ። ዊንዶውስ 11 ለመጫን ማይክሮሶፍት ያስቀመጠው ዝቅተኛ ልክ ደግሞ ራሱ 4 ጊጋ ራምና 64 ጊጋ ማከማቻ ነው። ዊንዶውሱ ተነሥቶ ሲያበቃ ለእናንተ የሚተርፍ ነገር የለም ማለት ነው። ራም እንጨምርበት ብትሉ ቦታ የለውም።

የቢሮ ላፕቶፕ የምላቸው የዴል ላቲቲዩድን፣ የኤችፒ ኤሊትቡክን እና የሌኖቮ ቲንክፓድን ነው። ውጭ አገር ያሉ ኩባንያዎች በብዛት ገዝተው ጥቂት ዓመት ከሠሩባቸው በኋላ በጅምላ ያስወግዷቸዋል፤ ከዚያ ብዙዎቹ በዱባይ በኩል ዞረው «ስላይትሊ ዩዝድ» ተብለው እኛ ጋ ይደርሳሉ። ባለ 14 ኢንቹን ብትመዝኑት ከአንድ ኪሎ ተኩል ብዙም አይርቅም፤ ከዶርም ክላስ፣ ከክላስ ላይብረሪ ተሸክሞ ለሚውል ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከሁሉ በላይ ጀርባው በብሎን ይከፈታል። ላቲቲዩድ 5490፣ ኤሊትቡክ 840 ጂ5 እና ቲንክፓድ ቲ480 ሁለት ሁለት የራም ቦታ አላቸው። ዛሬ በ8 ጊጋ ገዝታችሁ ገንዘብ ስታገኙ 16 ታደርጉታላችሁ። ቀጭኑና ቆንጆው ቲንክፓድ ኤክስ1 ካርበን ግን ራሙ የተበየደ ስለሆነ እሱን ከፈለጋችሁ ከመጀመሪያው 16 ጊጋውን ፈልጉ።

ፕሮሰሰር ላይ ቆም እንበል፤ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ጋ ነውና። ማስታወቂያው «ኮር አይ 7» ሲል ሁሉም ይሸነፋል። ሁለት ቺፖችን ላወዳድርላችሁ። አይ 7-7500ዩ በፈረንጆቹ 2016 የወጣ ሲሆን ያለው 2 ኮር ነው። አይ 5-8250ዩ በ2017 ወጣ፤ እሱ 4 ኮር አለው። ኢንቴል ከ7ኛ ወደ 8ኛ ጄኔሬሽን ሲሻገር የቀላል ላፕቶፖቹን ኮር በአንድ ጊዜ እጥፍ አደረገው። ስለዚህ ኮድ ኮምፓይል ስታደርጉ፣ ብሮውዘርና ኤዲተር አብራችሁ ስትከፍቱ፣ «ትንሹ» አይ 5 «ትልቁን» አይ 7 ይቀድመዋል። ሻጩ ግን አሁንም አይ 7 ነው ብሎ አስበልጦ ይጠራላችኋል።

ቁጥሩ የሚነበበው እንዲህ ነው። ከሰረዙ በኋላ ያለውን ተመልከቱ፤ በ8250 መጀመሪያ ላይ ያለው 8 ጄኔሬሽኑ ነው። 10210 ከሆነ 10ኛ፣ 1135 ከሆነ 11ኛ፣ 1235 ከሆነ 12ኛ። መጨረሻ ላይ ዩ ካለበት መብራት ቆጣቢው ነው፤ ኤች ካለበት ጉልበተኛው፣ የሚሞቀውና ባትሪ የሚበላው። የኤኤምዲ ራይዘን አቆጣጠር ደግሞ ተንኮል አለበት። ራይዘን 5 7520ዩ ስሙን ስታዩት አዲስ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ከቀደመው 4650ዩ ጋር አንድ ዓይነት ዜን 2 የሚባል ንድፍ ነው፣ ያውም 4 ኮር ብቻ ይዞ። 4650ዩ 6 አለው። በነዚህ በ7 ሺህ በሚጀምሩት ላይ ንድፉን የሚነግራችሁ ሦስተኛው አሃዝ ነው።

ከ8ኛ ጄኔሬሽን በታች አትውረዱ የምልበት ሌላም ምክንያት አለኝ። ዊንዶውስ 10 ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ መደበኛ ድጋፉ አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በኢንቴል በኩል በይፋ የሚቀበለው በጥቂቱ ካልሆነ በቀር ከ8ኛ ጀምሮ ነው። ቤት ውስጥ 6ኛ ወይም 7ኛ ጄኔሬሽን ማሽን ካላችሁ ግን አትጣሉት። ኤስኤስዲ ግጠሙበት፣ ሊኑክስ ሚንት ጫኑበት፤ ሲ ፕላስ ፕላስና ፓይተን ለመማር ከበቂ በላይ ነው።

ራም፦ ዝቅተኛው 8፣ ግቡ 16። ለዌብ ልማትና ለክላስ አሳይመንት 8 ጊጋ ይበቃል። አንድሮይድ ስቱዲዮ ላይ ግን ጉግል ራሱ ኢሙሌተሩን ጨምሮ ለማስኬድ 16 ይላል። 8 ብቻ ያላችሁ ኢሙሌተሩን እርሱትና የራሳችሁን ስልክ በዩኤስቢ ሰክታችሁ አፑን እዚያው ላይ ሞክሩት፤ እንዲያውም ይፈጥናል። ማከማቻው ሀርድ ዲስክ ሳይሆን ኤስኤስዲ መሆን አለበት፣ 256 በቂ ነው። እዚህ ላይ ክርክር የለም።

የቴሌግራም ማስታወቂያዎች ላይ «8 ጊጋ ግራፊክስ» የሚል ነገር ታያላችሁ። ብዙ ጊዜ ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድ አይደለም፤ ዊንዶውስ ከ16 ጊጋ ራሙ ላይ ግማሹን ለግራፊክስ ማበደር እችላለሁ ብሎ የሚያሳየው ቁጥር ነው። ለኮዲንግ ግራፊክስ ካርድ አያስፈልጋችሁም፣ ለሌለ ነገር ተጨማሪ ብር አትክፈሉ። አርክቴክቸርና ሲቪል የምትማሩ ሌላ ጉዳይ ናችሁ፣ ለብቻ እጽፍላችኋለሁ። «ማሽን ለርኒንግ ልማር ነው» ብላችሁ ጌሚንግ ላፕቶፕ የምታስቡትም፣ ጉግል ኮላብ ላይ በነጻ የሚሰጠውን ጂፒዩ መጀመሪያ ጨርሱት። ከነቻርጀሩ ሦስት ኪሎ የሚጠጋ፣ ካልተሰካ በጥቂት ሰዓት የሚጠፋ ማሽን ለዶርም ኑሮ አይመችም።

ባትሪ፣ እንደኔ እንደኔ፣ ከፕሮሰሰር ይቀድማል። ዶርሙ ውስጥ ስድስት ሰው በአንድ ዲቫይደር ይጋፋል፤ ላይብረሪ ሶኬት ያለው ወንበር በጠዋት ይያዛል፤ መብራት የሚሄደው ደግሞ አሳይመንት በሚገባበት ማታ ነው። ቲ480 እዚህ ላይ የሚወደድበት ምክንያት አለ፦ ሁለት ባትሪ አለው፣ አንዱ ውስጥ፣ አንዱ ከኋላ ተነቃይ። ማሽኑን ሳታጠፉ የኋላውን ነቅላችሁ ሌላ ትሰኩበታላችሁ። በዩኤስቢ ሲ ቻርጅ መደረግ የሚችል ማሽንም ምረጡ፤ 65 ዋት የሚያወጣ ፓወር ባንክ ካገኛችሁ፣ ባለ 20 ሺህ ሚሊአምፒሩ 74 ዋት ሰዓት ያህል ይይዛል፣ ማሽኑን አንድ ጊዜ ይሞላዋል።

ሱቅ ስትገቡ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይዛችሁ ግቡ። «ወንድሜ፣ ቻርጀሩን ነቅዬ ትንሽ ልሞክረው» በሉ። «ፒስ ነው ባክህ፣ እመነኝ» ካላችሁ ፈገግ ብላችሁ ንቀሉት። ኮማንድ ፕሮምፕት ከፍታችሁ የባትሪ ሪፖርት አውጡ፤ ትዕዛዙን ዩቲዩብ ላይ በደቂቃ ታገኙታላችሁ። ሪፖርቱ ላይ ሁለት ቁጥር ፈልጉ፦ ዲዛይን ካፓሲቲ እና ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ። የመጀመሪያው 50,000፣ ሁለተኛው 31,000 ከሆነ ባትሪው ከአቅሙ 62 በመቶው ነው የቀረው፤ ወይ ዋጋ ይቀንሱላችሁ፣ ወይ ባትሪ ይቀይሩላችሁ። ከገበያ የተቀየረ ባትሪ ሪፖርቱ ላይ አዲስ መስሎ ሊታይ ስለሚችል ግን እዚያው ቪዲዮ ከፍታችሁ ለሩብ ሰዓት ፐርሰንቱ እንዴት እንደሚወርድ ተመልከቱ።

ቪዲዮው እየሄደ ኖትፓድ ክፈቱና እያንዳንዱን ቁልፍ ተጫኑ። ስክሪኑን ነጭ አድርጋችሁ ጥቁር ነጥብ ፈልጉ፤ ከጎንም እዩት፣ ቀለሙ የሚገለበጥ ከሆነ ርካሹ ስክሪን ነው። ጥራቱ 1920 በ1080 መሆኑን ሴቲንግ ላይ አረጋግጡ፤ በ1366 በ768 ኮድ መጻፍ ዓይን ያደክማል። ክዳኑን ደጋግማችሁ ክፈቱ ዝጉ፣ ማጠፊያው ከላላ ተዉት። ከዚያ አጥፍታችሁ ስታበሩ ባዮስ ውስጥ ግቡ፤ ዴል ላይ ኤፍ 2፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ 10፣ ቲንክፓድ ላይ ኤፍ 1። ፓስወርድ ከጠየቃችሁ ማሽኑ የቀድሞ ባለቤቱ ቁልፍ አልተፈታለትም ማለት ነው፣ ሻጩ ምንም ቢምል አትግዙ። ቻርጀሩንም ከራሱ ከማሽኑ ጋር ሞክሩት። ዴል የማያውቀው ቻርጀር ሲሰካበት ባትሪውን አልሞላም ይላል፣ ፍጥነቱንም ይቀንሳል፤ ሰው ፕሮሰሰሩ ተበላሸ ብሎ ይጨነቃል።

ዘመድ ከውጭ የሚያመጣላችሁ ከሆነ «ላፕቶፕ ግዢልኝ» ብቻ አትበሉ። አሜሪካ ያለችው አክስት በቅናሽ ያገኘችውን ክሮምቡክ ይዛ ትመጣለች፤ የዊንዶውስ ፕሮግራም አይጫንበትም፣ እሷም ታዝናለች እናንተም ታዝናላችሁ። ሙሉ ሞዴሉን፣ ራሙን፣ ማከማቻውን ጽፋችሁ ላኩላት። የአሜሪካ ቻርጀር እኛ ጋ ይሠራል፣ ላዩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ጽሑፍ ካለ የሚለየው ሶኬቱ ብቻ ነው፤ ከቻርጀሩ ሳጥን እስከ ግድግዳ ያለችውን ገመድ እዚህ በባለ ሁለት ክቡ ቀይሯት። ከጀርመን የሚመጣ ከሆነ ኪቦርዱን አስቡበት፦ ዜድና ዋይ ቦታ ተቀያይረዋል፣ ፕሮግራመር ቀኑን ሙሉ የሚጠቀምባቸውን ጥምዝ ቅንፎች ለማውጣት ቀኝ ኦልትን ከ7 እና ከ0 ጋር መጫን ግድ ነው። የፈረንሳዩ ላይ ቁጥር ለመጻፍ ሺፍት ያስፈልጋል። ከዓረብ አገር የሚመጣው ግን የዓረብኛ ፊደል ተጨምሮበት ይሆናል እንጂ እንግሊዝኛው ቦታው ላይ ነው።

ማክቡክ? ገንዘቡ ካላችሁ በ2020 የወጣው ኤም1 ማክቡክ ኤር እስካሁን ድንቅ ማሽን ነው፤ 1.29 ኪሎ፣ ፋን የለውም፣ ባትሪው ቀኑን ያውላችኋል። ሁለት ነገር ብቻ ልብ በሉ። ራሙ መቼም አይጨመርም፣ እንደ ፕሮቲየስ ያለ ዊንዶውስ ብቻ ላይ የሚሠራ የላብ ሶፍትዌርም ያስቸግራል። ያገለገለ ከሆነ ደግሞ እዚያው ሱቅ ሙሉ በሙሉ ተሰርዞ፣ ዋይፋይ ተገናኝቶ እንደ አዲስ ሲነሣ እዩት። «ሪሞት ማኔጅመንት» የሚል ገጽ ከመጣ የኩባንያ ማሽን ነው፤ የቀድሞ ሰው አካውንት ከጠየቀም ያው ነው፣ ትታችሁ ውጡ።

አንድ ብቻ ምረጥልኝ ካላችሁኝ፦ 8ኛ ጄኔሬሽን አይ 5 ቲ480 ወይም ኤሊትቡክ 840 ጂ5፣ 16 ጊጋ ራም፣ 256 ኤስኤስዲ፣ ባትሪው ከ80 በመቶ በላይ የቀረው። አቅም ካላችሁ 11ኛ ጄኔሬሽኑን። ሱቅ ውስጥ ሆናችሁ ከተጠራጠራችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ ግን ሙሉ የፕሮሰሰሩን ቁጥርና የባትሪ ሪፖርቱን ሁለት ቁጥሮች አብራችሁ ላኩ። ፎቶ ብቻ ልካችሁ «ቆንጆ ነው?» ላላችሁ መልስ የለኝም።